ኮቱ ካለ ሰውየው አለ

ስለ ወንድሜ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም ከየት መጀመር እንዳለብኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ከሥራው ልጀምር። የሞተው ሥራ ላይ ነው። ይህን የምለው እኔ ነኝ፤ መሥሪያ ቤቱ እንደዚያ አይልም።

ታላቄ ነበር። አባታችን ሲሞት እኔ ገና አምስተኛ ክፍል አልጨረስኩም፤ እሱ ግን ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እንደወጣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ጥገና ክፍል፣ በቧንቧ ሠራተኛነት ተቀጠረ። ቤታችን ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከሚወርደው መንገድ ጀርባ ነው። የቀበሌ ቤት። ጠዋት ጠዋት ቱታውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይይዝና ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ለአውቶቡስ አጥቶ አይደለም፤ ያን ጊዜ ነበረው። አውቶቡሱ ያዘገየኛል ይል ነበር።

አንድ ፋሲካ ትዝ ይለኛል። ፆም ፈትተን እጃችንን እንኳ ሳንታጠብ የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ መጥቶ በራችንን አንኳኳ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቷል። ወንድሜ የጎረሰውን ሳይውጥ ተነሳ። የተመለሰው ሲመሽ ነው፤ ጫማው ውሃ አርግዟል።

«ለመሆኑ ለበዓል ይከፍሉሃል?» አለችው እናታችን።

«ኧረ እማዬ፣ መጻሕፍቱ ሊረጥቡብን ነበር እኮ።»

ሊረጥቡብን አለ። ቤተ መጻሕፍቱ የእኛ የሆነ ያህል። ያኔ እንዲህ ነበር የሚያወራው። ሕንፃችን፣ ፓምፓችን፣ ልጆቻችን። ልጆቻችን የሚላቸው ተማሪዎቹን ነው፤ አብዛኞቹ እኩዮቹ ነበሩ።

ከዚያ ምን ሆነ ብባል ይህ ነው የምለው ቀን የለኝም። ደመወዙ በተቀጠረበት ላይ ቆመ። እርከን የሚባል ነገር ነበር፤ ሠራተኛውን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከፍ የሚያደርግ። ለጊዜው ታግዷል ተባለ። ለጊዜው የተባለው ዓመት ተሻገረ፤ ሌላም ዓመት ተሻገረ። በዚያ ላይ ይቆረጣል። ለእናት አገር ጥሪ ይቆረጣል፤ ለድርቅ ይቆረጣል፤ ቀበሌ ደግሞ በበኩሉ ያስዋጣል። ስብሰባ ላይ እጅ አውጥተው ተስማምተው ነው የሚቆረጥባቸው። እጁን ያላወጣ አልነበረም። ጤፉ ግን እንደ ደመወዙ አልቆመም።

መጀመሪያ የተለወጠው አነጋገሩ ነው። ፓምፓችን የነበረው ፓምፓቸው ሆነ። በኋላ እግሩ ተለወጠ፤ ዳገቱን እየቆመ፣ ከሰው ጋር እያወራ ይወጣው ጀመር። አንድ እሑድ ያው ጥበቃ መጣ። ወንድሜ ነቅቶ ተኝቷል። «የለም በለው» አለኝ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። ወጥቼ የለም አልኩ። ጥበቃው ደፉ ላይ የተቀመጠውን ጫማ አየና፣

«እሺ፤ ሲመጣ ግን ባዶ እግሩን መንገድ መውጣት ጥሩ አይደለም በለው» ብሎኝ ሄደ።

ወንድሜ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናታችን አልሳቀችም።

ስለ ኮቶቹ መናገር አለብኝ። ያለ እነሱ የሚቀጥለው አይገባም።

ጥገና ክፍሉ ውስጥ አምስት ሠራተኞችና አንድ አለቃ ነበሩ። በሩን እንደገቡ በስተግራ ሚስማር የተመታበት ሳንቃ አለ። ሠራተኞቹ ጠዋት መጥተው ይፈርማሉ፤ ኮታቸውን ሚስማሩ ላይ ይሰቅላሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ በሸሚዝ ሹልክ ይላሉ። የፒያሳ ሱቆችና ቡና ቤቶች፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀሩት አሮጌ ቤቶች፣ ቧንቧቸው በየሳምንቱ ያፈሳል፤ መብራታቸው ይቃጠላል። እዚያ የሚከፈለው በእጅ ነው። ከላይ ሰው መጥቶ እገሌ የት ነው ብሎ ሲጠይቅ የቀረው ሠራተኛ ወደ ሚስማሩ ያሳያል። «ኮቱ ይኸው፤ አሁን እዚህ ነበር።» ኮቱ ካለ ሰውየው አለ። ሕጋቸው ይህ ነው። አለቃውም ያውቃል፤ የእሱም ኮት ይሰቀል ነበርና። የሚሰቀለው ኮት ከመርካቶ ሰልባጅ ተራ የተገዛ ነው። ማታ ባለቤቱ አውርዶ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል እንጂ ወደ ቤት አይሄድም፤ ዝናብም ሆነ ፀሐይ አይቶ አያውቅም።

ከመካከላቸው የሁሉም ታላቅ የሆነ ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ወሎ ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው። ወንድሜን ሥራውን ያስለመደው እሱ ነው፤ እቤታችንም ይመጣ ነበር፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ቀልዱ እሱ ዘንድ ነበር። «መንግሥት የሚከፍለው ለኮቴ ነው» ይላል። «ኮቴ ደግሞ ተመስገን፣ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አልሰቀለም። ነገሩ አላማረውም። ይቀልዱበት ነበር፤ እቤት መጥቶ ራሱ ይነግረናል።

«አንተ ፋራ» ይሉታል፣ «ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጋብተሃል እንዴ?»

«ተጋብቶ ነው እንጂ» ይላል ሌላው። «ጥሎሹንም ይጥላል፣ ውሃውንም ይቀዳል፤ እሷ ግን ራት እንኳ አታበላውም።»

ከዚያ እናታችን ታመመች። ደም ግፊት ነው አሉ። መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ አንዳንዴ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ ሲታጣ ከግል ነው የሚገዛው። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ነው የምውለው። ብሔራዊ ውትድርና እንዳይወስዱኝ መንገድ እመርጣለሁ። በእኔ በኩል የሚገባ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ዳቦ ፍለጋ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገባሁ። ባንኮኒው ሥር ሁለት እግሮች ተዘርግተዋል። ጫማውን አወቅሁት። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ በጀርባው ተኝቶ ቧንቧ ያጠብቃል።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«አንተስ ምን ትሠራለህ፣ ጩጬ? ማኪያቶ ልትጠጣ ነው?»

«ሥራ አልገባህም እንዴ?»

«ገብቻለሁ። ኮቴ እዚያ ነው።»

ባለ ቤቱ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ፤ ግን አላየኝም። ዓይኑን ቧንቧው ላይ እንዳደረገ ቀስ ብሎ፣ «ለእማዬ አትንገራት» አለኝ። አልነገርኳትም። መድኃኒቷ በየጊዜው መምጣት ሲጀምር ራሷ ያወቀችው ይመስለኛል። ጠይቃው አታውቅም።

የሆነው ክረምት ሲገባ ነው።

ያን ማታ አልመጣም። የግል ሥራ አምሽቶበት ሰዓት እላፊ ይዞት ይሆናል አልን። እንደዚያ ማሰብ ይሻል ነበር፤ በዚያ ዘመን ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ሌላ ብዙ ነገር ሊያገኘው ይችላል። ሲነጋ ወደ ጥገና ክፍሉ ሮጥሁ። አለቃውና አንድ አናጢ ነበሩ። ወንድሜ ቤት እንዳልገባ ስነግራቸው ሁለቱም ሚስማሩን አዩ። ኮቱ ተሰቅሏል።

«ትናንት አምሽቶ የግል ሥራ ላይ ነው ብለን...» አለ አለቃው። አልጨረሰውም።

ያገኘችው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ከሴት ተማሪዎች መኝታ ቤት ሥር የፓምፕ ክፍል አለ፤ በብረት መሰላል ነው የሚወረደው። ከመሰላሉ ወድቆ ነበር። የቧንቧ መፍቻው አጠገቡ ነው። ሆስፒታል ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም አለን። ሰዓታት ቆይቷል አለ። ስንት ሰዓት ብዬ አልጠየቅሁም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ወደ ጥገና ክፍሉ ሄደው ቧንቧ ሠራተኛው የት ነው ብለው ጠይቀው ነበር። አናጢው ወደ ኮቱ አሳያቸው። «አለ፤ ይመጣል» አላቸው። ፒያሳ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እዚያ የነበሩት ሌሎቹም እንደዚያ ነው ያሰቡት። ስለዚህ ማንም አልፈለገውም። በክፋት አይደለም። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ሊሸፍኑለት ነው።

እድሩ ድንኳን ተከለ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ከመጀመሪያው ቀን አልተለየም ነበር፤ አግዳሚ ሲሸከም፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ከኛ ሰፈር ሰው በላይ ሲደክም ነው የዋለው። ዓይኑ ቀልቷል።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። «ያን ቀን አትክልት ተራ ሥራ ነበረው። የእሱ ሥራ ነው፤ ነጋዴው የጠራው እሱን ነው። ጠዋት ኮቱን ሰቀለና ወደኔ መጣ። ‹ጋሼ፣ አንተ ሂድልኝ› አለኝ። ‹ለምን?› ስለው፣ ‹ልጆቹ ስንት ቀናቸው ውሃ የላቸውም፤ አንዷ እያለቀሰች ነገረችኝ፤ ወርጄ ልየው› አለኝ።»

«አለቃውስ?»

«አለቃው መለዋወጫ የለም ብሎ ትቶታል። እኔም ተው አልኩት። ‹ዛሬ ደሞ ምን ነካህ፣ ሙሽሪትን ልትጠይቅ ነው?› ብዬ ቀለድሁበት።» ፊቱን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። «ማታም ከዚያው ወደ ቤቴ ሄድኩ። እኔ የእሱን ሥራ እየሠራሁ፣ የእሱን ዋጋ እየተቀበልሁ፣ እሱ...»

ያን ጊዜ የነገረኝ ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈልገን አላወቅሁም።

ያወቅሁት የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ስንሄድ ነው። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ለእናታችን ወንበር ሰጣት። ነገሩን ግልጽ አድርጎ ነገረን። ወንድሜ የአገልግሎት ዘመኑ አጭር ስለሆነ ለእናታችን ጡረታ አያስገኝላትም፤ ጥቂት ገንዘብ አንድ ጊዜ ተሰጥቷት ያበቃል። በሥራ ምክንያት ነው የሞተው ከተባለ ግን ዘመኑ አይቆጠርም፤ እስክትሞት ድረስ ጡረታ ታገኛለች።

«ታዲያ በሥራ ምክንያት ነው እንጂ» አልኩ። «ፓምፕ ክፍል ነው የተገኘው።»

«አለቃው አላዘዝኩትም ይላል። ያለ ትእዛዝ፣ መፍቻ ይዞ፣ ብቻውን ነው የወረደው። የግል ሥራ እንደሚሠራ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከፓምፑ ዕቃ ፈትቶ ለግል ሥራው ሊወስድ ነው የወረደው የሚሉ አሉ፤ ሲደረግ የኖረ ነገር ነው። እኔ አላልኩም። ግን ለምን እንደወረደ የሚያውቅ ሰው ካለ ኮሚቴው ፊት መጥቶ ይናገር።»

እናታችን ኮሚቴና ትእዛዝ የሚለው አልገባትም። ዕቃ ፈትቶ የሚለው ግን ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጡረታውም ይበልጥ ያቃጠላት ይህ ነው። «ሌባ አድርገው ሊቀብሩት ነው» ትላለች። ተቀብሯል እኮ እማዬ አልላትም።

ተማሪዎቹ ለክረምት ወደየአገራቸው ተበትነው ነበር፤ ጋሼን ፍለጋ ወጣሁ። በሥራ ሰዓት ስለሆነ የት እንደማገኘው አውቃለሁ። አትክልት ተራ፣ ከቲማቲም ሣጥኖች ኋላ፣ የአንድ ነጋዴ ቧንቧ ይገጥማል። ወዛደሮቹ ከረጢት ተሸክመው «ዞር በል!» እያሉ በመሀላችን ያልፋሉ። ኃላፊው ያለውን ነገርኩት። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ምን ብዬ ልናገር?»

«ለእኔ የነገርከኝን።»

«ለአንተ የነገርኩህን ከተናገርኩ፣ አንተስ የት ነበርክ ይሉኛል።»

«ለልጆቹ ሲል ሥራውን ለእኔ ለቀቀልኝ በላቸው።»

«የቱን ሥራ? በመንግሥት ሰዓት የሠራሁትን?» ወደ ግራ ወደ ቀኝ አየ። «ይህን ዛሬ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? አሻጥር ነው የሚሉት። ደመወዝ መቀጣት መሰለህ? ያስሩኛል። ስለ አንዱ ከተናገርሁ ደግሞ የሁሉም ኮት ይወጣል።»

«ጋሼ፣ ሌባ ነው እያሉት ነው።»

«አልነበረም። ወላሂ አልነበረም።»

«ለእኔ አትማልልኝ።»

መፍቻውን አስቀመጠና ስለ ቤቱ ነገረኝ። የራሱ አምስት ልጆች አሉት። በድርቁ ጊዜ የወንድሙ ልጆች ከወሎ በእግር መጥተው እሱ ዘንድ ነው ያሉት፤ ወላጅ የላቸውም። ትንሹ ሲመጣ መቆም አይችልም ነበር አለ። «አሁን ይሮጣል» አለ፣ ሊስቅ ሞክሮ። «በዚያ ደመወዝ ብቻ ይሮጥ ነበር መሰለህ?»

ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ቢሆንም ኮሚቴው በጠራው ቀን መጣ። አይመጣም ብዬ ነበርና ልቤ ትንሽ ተነሣ። በረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። እናታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ ቆምሁ። አለቃው ተጠየቀ፤ ያው አላዘዝኩም አለ። ውሸት አይደለም። ከዚያ ጋሼን ጠሩ።

«ጓድ፣ ያን ቀን ሟቹን አይተኸዋል?»

«ጠዋት ሲፈርም አይቼዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... እኔም ሥራዬ ላይ ነበርኩ።»

«ፓምፕ ክፍል ለምን እንደወረደ የነገረህ ነገር አለ?»

ጋሼ እናታችንን አየ። እናታችንም አየችው፤ በእጇ ብዙ ጊዜ አብልታዋለች። አፉን ከፈተ። ሊናገር ነው አልኩ። እስከ ዛሬ ሊናገር ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ አለቃው ሳል አሳለ፤ ማሳሉ ብቻ ይሁን ሌላ አላውቅም።

«አላስታውስም» አለ ጋሼ።

እኔ ከኋላ፣ «ይዋሻል! ለእኔ ነግሮኛል!» ብዬ ጮኽሁ። ሰብሳቢው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ወንድም ሁሉ እንደዚህ ነው በሚል ዓይን አየኝ። «አንተ የሥጋ ዘመድ ነህ፤ ቃልህ አይያዝም» አለኝ፣ ሳይቆጣ።

ውሳኔውን የነገረን ኃላፊው ነው። በሥራ ምክንያት ለመሆኑ ማስረጃ አልቀረበም። ሰረቀ አላሉም፤ ግን አልሰረቀም ብሎም የተናገረ የለም። እናታችን እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ልጄ፣ እንግዲህ ቤቱ አልነበረም» አለችው። «ሥራው ላይም አልነበረም ትላላችሁ። ታዲያ የት ነበር?»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

የተሰጠን ገንዘብ በአርባው ተዝካር አለቀ። ጥገና ክፍሉ በሙሉ መጥቶ በላ፤ ከልባቸውም አለቀሱ። ጋሼ ወር በገባ ቁጥር ለመድኃኒቷ ትንሽ ነገር ያመጣ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አመጣ። ከዚያ መንገድ ላይ ሲያየኝ መሻገር ጀመረ። አልፈርድበትም፤ ደመወዙ ያው ነው።

ከዚያ ኃላፊው አስጠራኝ። በሟች ቦታ የቤተሰብ ሰው መቅጠር የተለመደ ነው፤ በረዳትነት፣ ከመነሻው ደመወዝ ላይ። ስለ ውሳኔው በየቢሮው እየዞርኩ አቤት ማለቴን ብተው ነገሩ እንደሚቀልልኝም ነገረኝ። እንዲያ ሲለኝ ዓይኑን አልሰበረም፤ የሚጠቅመኝን የሚመክረኝ ነው የሚመስለው። ምናልባትም ነበር። እናታችን መድኃኒቷ አልቆ ነበር። እሺ አልኩ።

ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት እናታችን በር ድረስ ሸኘችኝ። መርቃ ትልከኛለች ብዬ ጎንበስ አልኩላት። እጇን ጫንቃዬ ላይ አድርጋ፣ «አለቃህ ሳያዝህ ምንም ነገር እንዳትነካ» አለችኝ። «የፈሰሰው ይፍሰስ። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ እማዬ።»

ሥራ በገባሁ ሰሞን አንዲት ተማሪ በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው ጄሪካን ይዛ ከሴቶቹ መኝታ ቤት ደረጃ ሥር አስቆመችኝ። ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ቱታዬን አይታ ነው።

«ወንድሜ፣ እላይ ውሃ አይወጣም እኮ። ከመቼ ጀምሮ።»

«ለአለቃው ንገሩ» አልኳት።

«ነግረናል።»

«እንግዲያው ጠብቁ።»

ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ባልዲውን አንሥታ ውሃ ወዳለበት ወደ ታችኛው ሕንፃ ወረደች። እኔም አለቃው ወዳዘዘኝ ሄድሁ።